ጠብቆ ነው ላልቶ?

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ላይ ሦስት ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ከቤቴ ማዶ በረንዳ ላይ የሚሠራው ወጣት ልብስ ሰፊ፣ የኤሌክትሪክ ካውያው ሥራ ሲፈታበት፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ አንድ የድሮ የከሰል ካውያ አውጥቶ ማራገብ ጀመረ። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ካውያውን እርጥብ ካኪ ሱሪ ላይ አሳረፈው። ጭስ፣ እንፋሎት፣ በመሐሉ ደግሞ ትንሽ የተለበለበ ጥጥ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ ቀጥ አለ።

"እትዬ፣ የሚሰፋ ነገር አለ?" አለኝ ልጁ።

የለም አልኩት። ግን ሱሪው ተተኩሶ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅኩም። አያ ሙሔን ካየሁ ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎኛል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ፊት ለፊቴ የቆሙ ያህል ነበር።

አያ ሙሔ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ወደ ጦሳ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከሰፈሩ የውኃ ቧንቧ ፊት ለፊት ነበር። ሱቅ ይባል እንጂ የሚሠሩት በረንዳው ላይ ነው። ወርቃማ አበቦቹ በእጅ ብዛት የደበዘዙ ጥቁር የእግር ስፌት መኪና፣ ከሥሩ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላበት ጣሳ፣ ከጎኑ ጭስ የማያጣው ካውያ። ነጭ ኮፍያቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ሜትሩ አንገታቸው ላይ፣ ጠመኔው ጆሯቸው ላይ፣ ስፒሎቹ ከንፈራቸው መሐል። በስፒሎቹ ምክንያት ነው መሰለኝ ሲናገሩ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዷን ቃል መርጠው ነበር የሚያወጡት።

በልጅነታቸው ደረሳ ሆነው ከአንድ ሼህ ዘንድ ቁርአን ተምረዋል። የአማርኛውን ፊደል የቆጠሩት ጎልምሰው፣ በራሳቸው ጊዜ ነው። እንደ እሳቸው ያለ ጆሮ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። መኪናቸውን እየረገጡ፣ ቧንቧው ላይ ወረፋ የያዙ ሴቶች የሚያወሩትን፣ እኛ ልጆቹ የምናነበውን ሁሉ ይሰሙታል። አንዱ ቃል ሲያበላሽ የመኪናው ድምፅ ቀጥ ይላል። "ተሳሳትክ" አይሉም። ስፒሉን ከአፋቸው ያወጡና፣

"ጠብቆ ነው ላልቶ?" ይላሉ።

ይህችን ጥያቄ የማያውቅ የሰፈር ልጅ አልነበረም። "ገና" ላልቶ ከሆነ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ከሆነ ግን በዓሉ መጥቷል። "ዋና" ጠብቆ ከሆነ አለቃ ነው፤ ላልቶ ከሆነ ወንዝ ያስፈልገዋል። ከራሳቸው በር በላይ "ሙሔ ልብስ ሰፊ" የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሎ ነበር፤ እሱን ማንበብ የሚጀምር ሕፃን ሁሉ አንድ ጊዜ መሳሳቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አያ ሙሔ ሰፋ ያለ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ወጠር አድርገው፣ "ላልቶ ሲነበብ እኔ ነኝ፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ሱሪዬ ነው" ይሉ ነበር።

ዘመኑ ደግሞ ቃል እንደ ዝናብ የሚወርድበት ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ሽማግሌው አሮጊቱ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዞ ቀበሌ አዳራሽ ይገባል። ስብሰባ ላይ፣ ራዲዮ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ሁሉ አዲስ ቃል ነው። ሰውም እንዳመቸው አድርጎ ለአፉ ያለዝበዋል። "አናርኪስት" የሚለው ሰፈራችን ሲደርስ "አናቂስት" ሆነ፤ አንቆ የሚገድል ስለ መሰላቸው እናቶች ልጆቻቸውን ያስፈራሩበት ጀመር። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ደብዳቤ የምትልከው "ፓስታ ቤት" ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ደግሞ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሥተው የቀበሌውን ሊቀ መንበር ለማመስገን ብለው፣ "እናንተ ኸመጣችሁ ወዲህ የሰፈራችን ንቀት በጣም ጨምሯል" አሉ። ንቃት ማለታቸው ነበር። አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ፣ ሊቀ መንበሩ ይስቅ ይቆጣ ጠፍቶት ፊቱ ሲቀላ አስታውሳለሁ። ያልሳቁት አያ ሙሔ ብቻ ነበሩ። ዘመቻ የመጣችው አስተማሪ እሳቸውንም በ"ኸ" ፈንታ "ከ" በሉ እያለች ታርማቸው ነበር፤ "እሺ ልጄ፣ ኸዛሬ ጀምሮ እላለሁ" ብለው ያስቋታል።

እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስሜ የሺ ነው። በክፍላችን እንደ እኔ ፈጥኖ የሚያነብ አልነበረም፤ ይህንንም እኔ ራሴ ከማንም በላይ አውቀው ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ደብዳቤ ሲመጣላቸው ወደ እኔ ያመጡታል። ድንጋይ ላይ ወጥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ ነበር የማነበንበው። ፍጥነት ዕውቀት ይመስለኝ ነበር።

ዓረፋ አራት ቀን ሲቀረው፣ በዕለተ ዓርብ፣ እትዬ ዘሀራ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ዳገቱን ሲወርዱ አየኋቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው አህመድ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል፤ ለበዓል እንደሚመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የአህመድን አልጋ አንጥፈው ከጨረሱ ሳምንት ሆኗቸዋል።

"ኸአህመዴ ነው! የአውቶቡሱ ረዳት ነው የሰጠኝ። ነይ የሺዬ፣ አንብቢልኝ!"

ቧንቧው ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ወረፋ ይዘዋል። ጀሪካኑም እንስራውም መሬት ወረደ። አያ ሙሔ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ስለነበሩ መኪናቸው ዝም ብሏል። ድንጋዬ ላይ ወጣሁ። ደብዳቤው የደብተር ቅጠል ነው፤ ብዙ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ተፋፍቋል። የጻፈው አህመድ ሳይሆን አብሮት ቤት የተከራየ ጓደኛው ነው። ሰላምታውን እንደ ጅረት አወረድኩት። ከዚያም ቀጠልኩ፦

"ልጅዎ አህመድ ሽፍታ ወጥቶ፣ ቤት ለዓረፋ መምጣት አልቻለም። እኛም እንዳንያዝ ብሎ ለብቻው ነው ያለው። ሰሞኑን ወደ ቦሩ ሜዳ ይወጣል። አያስቡ።"

አንብቤ ስጨርስ የሚያጨበጭብልኝ ያለ ይመስል ቀና አልኩ። የቧንቧው ውኃ ብቻ ይንዠቀዠቃል። አንዷ ሴትዮ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሌላዋ ውኃዋ ሳይሞላ እንስራዋን አንሥታ ሄደች። እትዬ ዘሀራ ባሉበት ቁጢጥ አሉ።

"አህመዴ? የኔ አህመድ ሸፈተ?"

ያኔ ነው ያነበብኩት ነገር ትርጉም ጆሮዬ የገባው። በዚያ ዘመን ልጁ የሸፈተበት ሰው ምን እንደሚጠብቀው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ያውቃል።

ነገሩ ከቧንቧው ቀበሌ ለመድረስ አንድ ሌሊት እንኳ አልፈጀበትም። ቅዳሜ ጠዋት ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው እትዬ ዘሀራን ወሰዷቸው። ጫማቸውን እንኳ በቅጡ አላደረጉም ነበር። በአጥራችን ቀዳዳ አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን አንሥተው፣ ደኅና ነኝ እንደማለት ወዘወዙልኝ።

"አንቺ ምን አደረግሽ? የተጻፈውን ነው ያነበብሽ" አለችኝ እናቴ። ግን ዓይኔን አላየችም።

ወደ አያ ሙሔ በረንዳ ሮጥኩ። የበዓል ልብስ ክምር ከትከሻቸው በላይ ሆኖ፣ መኪናዋን እንደ ጉድ ይረግጧታል። እያለቀስኩ የሆነውን ነገርኳቸው።

"እንባሽን ጥረጊና እንዳነበብሽው በይልኝ እስቲ።"

አልኩት። ቃል በቃል በጭንቅላቴ ተቀርጾ ነበር። እግራቸው ቆመ።

"ሽፍታ ያልሽው፣ ጠብቆ ነው ላልቶ?"

"ላልቶ።"

"ለምን ላላ?"

"አላውቅም፤ ራዲዮኑ ሁልጊዜ ላልቶ ነው የሚለው" አልኳቸው።

አያ ሙሔ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው ጨርቅ ላይ ሰኩ። ሜትሩን ካንገታቸው አወረዱ። ካውያው ውስጥ ያለውን ከሰል ጣሳ ውስጥ ገለበጡ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ቀበሌ ሄድን።

ሊቀ መንበሩ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ጎልማሳነት ያልጀመረው ሰው ነው፤ የለበሰውንም ካኪ የሰፉለት አያ ሙሔ ናቸው። ደብዳቤው ፊቱ ተዘርግቷል። እትዬ ዘሀራ ከጓሮው ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ በሩ ላይ ጥበቃው ቆሟል።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ደብዳቤውን ያነበበችው ይህች ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ትድገመው" አሉ አያ ሙሔ።

"ምን ያስደግማታል? እኔም አንብቤዋለሁ።"

"አይተው ነው ያነበቡት ሰምተው?"

ሰውየው ቅንድቡ ተሰበሰበ። ትንሽ አሰበና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

እንደዚያ ቀን ፊደል ከብዶኝ አያውቅም። አያ ሙሔ ራሳቸው ሊያነቡት ይችሉ ነበር፤ ግን ከኋላዬ ቆመው ለእኔ ተዉልኝ። "ልጅዎ አህመድ" ብዬ ጀመርኩና ከዚያች ቃል ላይ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። "ፍ" ላይ ከንፈሬን ጫን አደረግኩ። ሽፍታ። ሰው ሽፍ ሲልበት የሚወጣው፣ የገላው ሽፍታ። ቀጥሎ "ወጥቶ" ይልና መስመሩ ያልቃል። ከታች ባለው መስመር መጀመሪያ፣ ቀለሙ በተፋፋቀበት እጥፋት ላይ፣ ትናንት "ቤት" ብዬ የበረርኩባት ቃል አለች። ጎንበስ ብዬ አየኋት። "ቤ" አይደለችም፤ "በ" ናት።

"ልጅዎ አህመድ ሽፍታ ወጥቶበት ለዓረፋ መምጣት አልቻለም" ብዬ አነበብኩ። "እኛም እንዳንያዝ ብሎ ለብቻው ነው ያለው።"

"ቦሩ ሜዳስ ምን ሊሠራ ይወጣል?" አሉ አያ ሙሔ፣ እንደ ማያውቅ ሰው። "የቆዳ ሐኪም ያለው እዚያ አይደል? ሸፍቶ ሆስፒታል የሚገባ ሰው ሰምተን አናውቅም።"

በር ላይ ያለው ጥበቃ ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ወስዶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ አነበበው። አንዴ እንደ ትናንቱ፣ አንዴ እንደ አሁኑ።

"እንዲህም ይነበባል፤ እንዲያም ይነበባል" አለ በመጨረሻ። "እኔ በወረቀት ሰው ብለቅ ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ።"

"በሰውስ?"

"እንዴት በሰው?"

"ልጁን ይዤው ብመጣ።"

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አንሥቶ የይለፍ ወረቀት ጻፈላቸው።

ለዓረፋ ሦስት ቀን ቀርቷል። ለልብስ ሰፊ ከዚያ የከበረ ቀን በዓመት ውስጥ የለም። አያ ሙሔ በረንዳቸውን ዘግተው በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ደንበኞች ተዘግቶ ያገኙት በር ላይ እየቆሙ "ወላሂ፣ ልጆቼን ምን ላልብስ ነው?" ሲሉ እሰማ ነበር። ያንን ቀን ሙሉ፣ የሚቀጥለውንም ቀን ከቀትር በላይ፣ ከአጥራችን በር አልተነሣሁም። ባያገኙትስ? አህመድ በእርግጥ ሸፍቶ ቢሆንስ? ልጅ ሆኜ ጾም ይመስል ምግብ ያልቀመስኩት ያን ዕለት ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል አንድ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው አስከትለው ብቅ አሉ። ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ተከተልኳቸው። የሰፈሩ ግማሽ ተከተለ።

"ግለጥ" አለው ሊቀ መንበሩ።

አህመድ ጋቢውን ገለጠ። ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ አንገቱ በቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ ግማሹ ፈርጧል፣ ግማሹ ላይ ነጭ መድኃኒት ተቀብቷል። በር ላይ የነበረው ጥበቃ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የጓደኛውን እግር ረገጠ። ሊቀ መንበሩ ከነወንበሩ ግድግዳው ድረስ ሸሸ።

"ሽፍታው ይኸው" አሉ አያ ሙሔ ረጋ ብለው። "መያዝ የሚፈልግ ሰው አለ?"

"በቃ! በቃ፣ ውሰዱት!" አለ ሊቀ መንበሩ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ። "እናቱንም ልቀቋቸው!"

እትዬ ዘሀራ ከጓሮው ክፍል ሲወጡ ዓይናቸው ብርሃኑን መቋቋም አቅቶት ነበር። አህመድ እጁን ዘርግቶ "አትንኪኝ እማ፣ ይይዝሻል" አላቸው። "ይያዘኝ!" ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ሴቱ ሁሉ አለቀሰ፤ ሳቀም። እኔ ከአንድ ዛፍ ኋላ ቆሜ ነበር፤ ወደ እነሱ ለመቅረብ አልደፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ተውኩ። ትምህርት ቤት መምህሩ ተነሥተሽ አንብቢ ሲለኝ "አልችልም" እለዋለሁ። ፊደል ሳይ የእትዬ ዘሀራ ያልተጠለቀ ጫማ ነው የሚታየኝ። በቧንቧው በኩል እንዳላልፍ ውኃ ለመቅዳት ሌላ ሰፈር እሄድ ጀመር። አያ ሙሔ ይህን ሁሉ ያያሉ፤ ግን አልጠሩኝም። አንድ ቀን እናቴ የወንድሜን ሱሪ እንዳደርስ ስትልከኝ ተቀብለውኝ፣ ቁጭ በይ አሉኝና ስፌቱን በምላጭ መፍታት ጀመሩ።

"ቁርአን ላይ ሸዳ የምትባል ምልክት አለች" አሉ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ። "ኸፊደሉ በላይ ትቀመጥና፣ ይኸን አጥብቂው ትልሻለች። የኛ ፊደል እሷን አያውቃትም። ስለዚህ የጻፈውን ሰው ማወቅ ያንባቢው ፈንታ ነው። ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ምን ሁኖ ጻፈው? ይኸን ሳትጠይቂ ሮጥሽ እንጂ አንቺ አልዋሸሽም።"

"ደግሜ ብሳሳትስ?"

"ትሳሳቻለሽ። ኸዚያ ትፈቺና እንደገና ትሰፊዋለሽ። እኔ በዕድሜዬ ስንት ሱሪ የፈታሁ ይመስልሻል?"

የፈቱትን ክር ሳልወድ በግዴ እየለቀምኩ ብዙ ቆየሁ።

ወር ያህል ቆይቶ ሌላ ደብዳቤ መጣ። እትዬ ዘሀራ ማንበብ የሚችሉ ሁለት ጎረምሶችን አልፈው፣ ቧንቧው ላይ የተሰበሰበውን ሴት ሁሉ አልፈው፣ በራችን ድረስ መጡ። እጄን ይዘው እየጎተቱ ወደ ድንጋዩ ወሰዱኝ።

"የኔን ደብዳቤ የምታነቢው አንቺ ነሽ" አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። "ኸሌላ ሰው አልሰማም።"

ማዶ የአያ ሙሔ መኪና ድምፁን አጠፋ። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቤ ቆምኩ። "ይቅርታ፣ ይህች ቃል በሁለት ዓይነት ትነበባለች" አልኩ። "እስቲ ሁለቱንም በያቸው" አለች አንዷ። አልኩ። "የመጀመሪያው ነው እንጂ፣ አህመድ እንዲያ አይናገርም!" አሉ እትዬ ዘሀራ። ሌላዋ አይደለም አለች። ተከራከሩ፤ ተሳሳቁ፤ ተስማሙ። አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብዳቤ በሰፈራችን በአንድ ሰው አፍ ተነብቦ አያውቅም። ሴቶቹም መሠረተ ትምህርቱን የስም ጥሪውን ፈርተው ሳይሆን ለክርክሩ ብለው መሄድ ጀመሩ፤ እትዬ ዘሀራ ከሁሉም ቀድመው ነበር የሚደርሱት።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት የአያ ሙሔ ጉልበት የደሴን ብርድ አልችል ስላለ ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ወረዱ። እኔም መምህርነት ለመሠልጠን ከደሴ ወጣሁ። ለዕረፍት እናቴ ጋ በመጣሁበት በአንድ ጠዋት እትዬ ዘሀራ በራችንን አንኳኩ። በክር አንገታቸው ላይ የታሰረ መነጽር አድርገዋል፤ በእጃቸው የተከፈተ ደብዳቤ ይዘዋል።

"ኸአህመድ ነው" አሉኝ። "ብቻዬን አነበብኩት። አንድ ጊዜ አነበብኩትና አላመንኩም። ደግሜ አነበብኩት። 'አያ ሙሔ ዐረፉ' ይላል።" ወረቀቱን ሰጡኝ። "አንቺ ተምረሻል። ሌላ አነባበብ የለውም?"

ተቀበልኳቸው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ አየሁ። እትዬ ዘሀራ ተሳስተው ቢሆን ምን በሰጠሁ ነበር። አንዲትም ፊደል አልሳቱም።

"የለውም፣ እትዬ" አልኩ።

"ኢና ሊላሂ" አሉ። ለትንሽ ጊዜ ደፉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ደብዳቤውን ከእጄ መልሰው ወሰዱ። ቧንቧው ላይ ለቆሙት ሴቶች ሊያነቡላቸው ዳገቱን ቀስ እያሉ ወረዱ።